ስንተኛው ግራናይት ነው?

ድንጋዩ ቤተ ሙከራ ሲገባ አሥር ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሮዝማ ግራናይት ነው፤ በመዶሻ የተፈለጠበት ፊት ገና ያብረቀርቃል። መጀመሪያ የብረት መንጋጋ ያለው ማሽን ይቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ይፈጫል፣ በወንፊትም ይነፋል። የወጣው አሸዋ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ በውኃ ይታጠባል። ቀላሉ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተጠርጎ ሲሄድ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። የሻኪሶ ወርቅ አጣቢ ገበቴውን ይዞ ወንዝ ዳር የሚሠራውም ይኸንኑ ነው።

ከከባዱ አሸዋ ውስጥ ብረት ያለበትን ማግኔት ይለየዋል። የቀረው ከውኃ ከሦስት እጥፍ በላይ በሚከብድ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል፤ የሚንሳፈፈው ይጣላል፣ የሚሰምጠው ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ማሽን ሥራውን ጨርሶ የሰው ዓይን ይጀምራል። አንዲት ተመራማሪ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ በቀጭን መርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ትለቅማለች። የምትለቅማት ቅንጣት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ርዝመት ያላት፣ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ መስታወት የመሰለች ክሪስታል ናት። ዚርኮን ትባላለች። ከአሥር ኪሎ ድንጋይ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው በጥፍር ላይ የሚያርፍ ነው። የአንድ ኩባንያ መቆፈሪያ ማሽን የትኛው ተራራ ላይ እንደሚቆም ሊወስን የሚችለው ግን ይኸው በጥፍር ላይ ያረፈው ነገር ነው።

ዚርኮን ከቅልጥ አለት ውስጥ ስትፈጠር ዩራኒየምን በፈቃዷ ታስገባለች፤ እርሳስን ግን አታስገባም። የአቶሙ መጠንና ሙላት ለክሪስታሏ አይስማማም። ስለዚህ ዛሬ በውስጧ የሚገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው የተወለደ፣ ዩራኒየም እየፈረሰ የተካው ነው። አፈራረሱ ደግሞ ሙቀትም ግፊትም የማይለውጠው ፍጥነት አለው። ዩራኒየም-238 ወደ እርሳስ-206 ሲለወጥ ግማሹ ለማለቅ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዩራኒየም-235 ወደ እርሳስ-207 ሲለወጥ ግማሹ የሚያልቀው በ704 ሚሊዮን ዓመት ነው። በአንዲት ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓቶች በተለያየ ፍጥነት ይቆጥራሉ ማለት ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ዕድሜ ከተናገሩ ይታመናሉ፤ ከተለያዩ ቅንጣቷ በመንገድ ላይ እርሳስ አምልጧታል፣ ወይም ከሌላ ድንጋይ የመጣ ቅሪት ተቀላቅሎባታል። ይህንን ማመሳከሪያ በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጦ ለዓለም የሰጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ዌዘሪል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956።

ሒሳቡን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የ530 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ክሪስታል ውስጥ፣ ለቀሩት 100 የዩራኒየም-238 አቶሞች 8.6 ያህል የእርሳስ-206 አቶሞች ይገኛሉ። ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ኖሮ 12.3 ይሆኑ ነበር። እንግዲህ በ8.6 እና በ12.3 መካከል ያለው ልዩነት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ምድር ላይ፣ ታንታለምና ሊቲየም በተሸከመ አለትና ምንም በሌለው አለት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ዕውቀት ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር ያለው ቁርኝት ከመነሻው ነው። አርተር ሆምስ የተባለው እንግሊዛዊ በዩራኒየምና በእርሳስ ሬሾ የኖርዌይን ድንጋይ መዝኖ 370 ሚሊዮን ዓመት ነው ሲል ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1911 ሲያወጣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ገንዘብ ግን አልነበረውም። በዚያው ዓመት ለማዕድን ፍለጋ ተቀጥሮ ሞዛምቢክ ወረደ። የሚረባ ማዕድን አላገኘም፤ ወባ ክፉኛ ጥሎት ወደ አገሩ ተመለሰ። ያየው ምድር ግን ከአእምሮው አልወጣም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከሞዛምቢክ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀውን ጥንታዊ የተራራ ሰንሰለት ቅሪት ለይቶ “የሞዛምቢክ ቀበቶ” ብሎ የሰየመው እሱ ነው። የዚህ ቀበቶ ሰሜናዊ ጫፍ በደቡብ ኢትዮጵያ አረብና ኑብያ ጋሻ ከሚባለው ጥንታዊ የአለት ክልል ጋር ይጋጠማል። የአለትን ዕድሜ መለካት ካስተማሩን ሰዎች አንዱ፣ እኛ ዛሬ ዕድሜውን የምንጠይቀውን ምድር ስም ያወጣለት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በደቡብ ኢትዮጵያ የዶላን፣ የሻኪሶንና የነገሌን አካባቢ የሚያሳይ የጂኦሎጂ ካርታ የዘረጋ ሰው ግራናይት የሚያመለክተውን ቀለም በየቦታው ያያል። ለዓይን ሁሉም ግራናይት ነው። ሮዝማ አለ፣ ግራጫ አለ፣ የተደረደረ አለ፣ ያልተደረደረም አለ። ፈላጊው የሁሉንም ሥር ሊቆፍር አይችልም። አንድ ጉድጓድ መቶ ሜትር ለማውረድ የሚወጣው ገንዘብ፣ መንገድ የመጥረጉ ጣጣ፣ ከአርብቶ አደሩና ከቡና ገበሬው ጋር የሚደረገው ስምምነት ቀላል አይደለም። በዚያው አካባቢ፣ በጉጂ ምድር፣ በለገደንቢ የወርቅ ማምረቻ ዙሪያ ያለው ሕዝብ በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ መታገዱ የሚረሳ አይደለም። በማይሆን ቦታ የሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉ የሰው መሬት ላይ የሚቆፈር ነው።

እዚህ ላይ ነው የዕድሜ ልኬቱ የሚገባው። ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ብስራት ይባስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የደቡብ ኢትዮጵያን ግራናይቶች በዕድሜያቸው ሰባት ትውልድ አድርገው ከፈሏቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ከ880 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። መካከለኞቹ ከ800 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተራ በተራ የገቡ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚባለው ጥንታዊ ባሕር እየጠበበ፣ በመካከሉ የነበሩ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እየተላተሙ አህጉር ይሠሩ ነበር። ስድስተኛው ከ580 እስከ 550፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ደግሞ ከ550 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይወድቃል። በሰባተኛው ትውልድ ጊዜ ግጭቱ አብቅቷል። ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር ተገጣጥሟል፤ ተጭኖና ወፍሮ የነበረው ቅርፊት እየሞቀ፣ እየላላ ይቀልጣል።

ቀንጢቻ በዚህ ካርታ ላይ የት ይቆማል? ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጉጂ ዞን፣ በጥንታዊ ውቅያኖስ ወለል ቅሪት ውስጥ የገባ ግዙፍ ፔግማታይት (ከግራናይት ማግማ የመጨረሻ ቅሪት የሚፈጠር አለት) ነው። አረንጓዴ ጥቁር ሰርፔንቲናይት ከላይና ከታች ከቦት፣ በመሀሉ ነጭ ሆኖ የተጋደመ፣ 2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና እስከ 100 ሜትር ውፍረት ያለው አካል። ስፖዱሚን በተባለው ማዕድን ውስጥ ሊቲየም አለው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በታንታለሙ ነው። በኪስ ስልካችን ውስጥ ካሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከታንታለም ነው።

ጀርመናዊው ዲርክ ኩስተር ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን ጨምሮ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ጥናት የቀንጢቻን ዕድሜ ለካ። ብልሃቱ የተለካው ነገር ላይ ነው። ዚርኮኗን ትተው ራሱን የታንታለሙን ማዕድን ለኩት። የኮሎምባይትና የታንታላይት ቤተሰብ ማዕድናትም እንደ ዚርኮን ዩራኒየምን ያስገባሉ፣ እርሳስን ያርቃሉ። ውጤቱ 530.2 ሚሊዮን ዓመት ሆነ፤ የስሕተቱ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 1.3 ሚሊዮን ዓመት ብቻ። ማዕድኑ ራሱ የልደት ቀኑን ተናገረ፤ ልደቱም በሰባተኛው ትውልድ ላይ ወደቀ።

ለምን የመጨረሻው ትውልድ ሆነ? ማግማ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይጠጥርም። ፌልድስፓር፣ ኳርትዝና ሚካ ቀድመው ክሪስታል ሲሆኑ የሚስማማቸውን ይወስዳሉ። ታንታለም፣ ኒዮቢየም፣ ሊቲየም፣ ሲሲየም፣ ቤሪሊየም ግን መጠናቸው ወይም ሙላታቸው ለእነዚህ ማዕድናት አይመጥንምና በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር እነሱ ይበረክታሉ። ውኃ፣ ፍሎሪን፣ ፎስፈረስና ቦሮንም አብረው ይከማቻሉ፤ ፈሳሹን ያቀጥኑታል፤ ከሚጠበቀው በታች በሆነ ሙቀትም ሳይጠጥር እንዲቆይ ያደርጉታል። በመጨረሻ ይህ ቅሪት ስንጥቅ አግኝቶ ይወጣና ፔግማታይት ይሆናል። ይህ እንዲሆን ማግማው ተደጋግሞ የተጣራ፣ መነሻውም አሮጌና ብዙ ጊዜ የተሠራ ቅርፊት መሆን አለበት። ውቅያኖስ ገና እየተዘጋ ሳለ የተወለደው የ800 ሚሊዮን ዓመቱ ግራናይት መነሻው ለጋ፣ ከደሴቶች ሥር የመጣ ነበር። ተራራው ከቆመ በኋላ የመጣው ግን የሚያቀልጠው የበሰለ ቅርፊት አግኝቷል።

ፈላጊው ከዚህ በኋላ ካርታውን በሌላ ዓይን ያየዋል። ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆኑትን ግራናይቶች ወደ ጎን ያደርጋል፤ ለወርቅ ይፈልጋቸው ይሆናል እንጂ ለታንታለም አይቸኩልባቸውም። የሰባተኛውን ትውልድ አካላት ይለይና ከእነሱ ወደ ውጭ ይራመዳል። በእንዲህ ዓይነት መስክ ብዙ ጊዜ ከግራናይቱ አጠገብ ያሉት ፔግማታይቶች ባዶ ናቸው፤ ራቅ ሲል ቤሪል ይመጣል፣ ከዚያ ታንታለምና ሊቲየም ያለባቸው።

ዕድሜ ብቻውን ግን ማዕድን አያወጣም፤ በዚህ ላይ የሚጻፉ አንዳንድ ዘገባዎች ይህንን ሲዘሉት አዝናለሁ። ከ550 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው ባዶ ግራናይቶች ሞልተዋል። ስለዚህ ባለሙያው ከዕድሜው ጎን የድንጋዩን ኬሚስትሪ ያነብባል። ኒዮቢየምና ታንታለም በተለመደ አለት ውስጥ አብረው ይጓዛሉ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ያለው ሬሾ ከ5 በታች ሲወርድ ማግማው በጣም ተጣርቶ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ደርሷል ማለት ነው። የዚርኮኒየምና የሃፍኒየም ሬሾም እንዲሁ ይወርዳል። በሜዳ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚቀልለው ከፔግማታይቱ ነጭ ሚካ ቆንጥሮ መውሰድ ነው፤ ሚካው ውስጥ ሩቢዲየምና ሲሲየም ከበዙ እዚያ አካባቢ መቆየት ይገባል።

ልኬቱ ራሱም ወጥመድ አለው። ግራናይት አሮጌ ድንጋይ አቅልጦ ሲወለድ የአሮጌው ዚርኮን ሁሉ አይቀልጥም። የቀረው በአዲሱ ማግማ ውስጥ እምብርት ይሆንና አዲስ ዚርኮን በላዩ ይደርብበታል። ቅንጣቷ ተጠርባ በኤሌክትሮን ጨረር ሥር ስትታይ ግልጽ ነው፤ መሀሏ የደበዘዘና ጠርዙ የተበላ፣ ዙሪያዋ ደግሞ ቀጭን ድርብርብ መስመር። ዕድሜዋን ለመለካት የሚተኮስባት ሌዘር የሚቆፍረው ቀዳዳ 30 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው። እምብርቱን ከመታ የ750 ሚሊዮን ዓመት ቁጥር ይወጣል፣ ጠርዙን ከመታ የ530። ሁለቱን በግማሽ በግማሽ ከመታ ደግሞ በዓለም ላይ ያልነበረ ዕድሜ ይወጣል። ሥዕሉን ሳያዩ ሌዘር የተኮሱ ሰዎች ያወጡት ቁጥር አንድን ተራራ ያለ ጥፋቱ ከዝርዝር ሊያስወጣው ይችላል።

ሌላው ችግር ደግሞ ጥሩ ማዕድን ባለበት ይብሳል። በእጅጉ በተጣራ ግራናይት ውስጥ ዚርኮን ብዙ ዩራኒየም ትይዛለች። በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ያ ዩራኒየም ሲፈርስ የራሷን ክሪስታል ይሰባብረዋል፤ ቅንጣቷ ትጠቁራለች፣ ትሰነጣጠቃለች፣ እርሳሷ ይፈስሳል። በጣም የሚፈለገው ግራናይት ሰዓቱ የተበላሸ ግራናይት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ከዚርኮን ወጥቶ ኮሎምባይትን፣ የቆርቆሮ ማዕድን የሆነውን ካሲቴራይትን፣ ወይም ሞናዛይትን መለካት የተለመደው።

ሞናዛይት ስል ወደ ሬር ኧርዝ እመጣለሁ። ሞናዛይት የሴሪየም፣ የላንታነምና የኒዮዲሚየም ፎስፌት ነው፤ ራሱ ማዕድንም ሰዓትም ነው። ሬር ኧርዝ የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ 15ቱ ላንታናይዶች፣ ስካንዲየምና ይትሪየም። ታንታለምና ሊቲየም ከእነዚህ አይደሉም፤ በጋዜጣ ብርቅዬ ማዕድናት ተብለው አንድ ላይ ቢጠሩም የሚወልዳቸው ግራናይት ይለያያል። አሉሚኒየም የበዛበት ግራናይት ታንታለምና ሊቲየም ይሰጣል። ሶዲየምና ፖታሲየም ከአሉሚኒየም የሚያመዝኑበት ደግሞ ሬር ኧርዝ፣ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ይሰጣል። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ ጋር የሚስተካከል ብዛት አለው፤ የሚቸግረው ተሰባስቦ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ቻይና በከባዶቹ ሬር ኧርዞች ላይ የበላይነት ያገኘችው በደቡብ ቻይና ባሉ ግራናይቶች ነው። በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር በሎንግናን እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው ማዕድን ድንጋይ ሳይሆን ሸክላ ነበር። አብዛኞቹ መነሻ ግራናይቶች በጁራሲክ ዘመን የተወለዱ ናቸው። ሙቀትና ዝናብ ለረጅም ዘመን አበሰበሳቸው፣ ሬር ኧርዙም ተፈትቶ በሸክላው ላይ ተጣበቀ። መጠኑ በመቶ ከ0.05 እስከ 0.2 ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በአሞኒየም ሰልፌት ውኃ ስለሚታጠብ ይወጣል። ወንዝና እርሻ የበከለውም ይኸው ውኃ ነው። በማዳጋስካር ሰሜን ምዕራብ፣ በአምፓሲንዳቫ ልሳነ ምድር ተመሳሳይ ሸክላ ያፈራው አለት ደግሞ የ24 ሚሊዮን ዓመት ልጅ ነው። ወደ ታንታለም ስንመለስ፣ በሩዋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ ያለው ኮልታን የሚባለው የኮሎምባይትና የታንታላይት ማዕድን 970 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። “ማዕድን የሚወልድ ዕድሜ” የሚባል በዓለም ሁሉ የሚሠራ ቁጥር የለም። የጂያንግሺን ዘመን ይዞ ጉጂ ላይ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሩዋንዳን ዘመን የያዘም እንዲሁ። ዕድሜ ምልክት የሚሆነው በገዛ ሰፈሩ ነው፤ እያንዳንዱ ቀበቶ የራሱ ፍሬያማ ዘመን አለው፣ ያም ዘመን እዚያው ድንጋዩ ላይ ካልተለካ ከሌላ ቦታ ሊወሰድ አይችልም። ደቡብ ኢትዮጵያ ይህንን ቁጥር አግኝታለች። ሌሎቹ ቀበቶዎቻችን፣ የምዕራቡም የሰሜኑም፣ የየራሳቸውን ቁጥር ይፈልጋሉ። በምዕራቡ ደግሞ ዝናብና ሙቀት ግራናይትን ወደ ቀይ አፈር የለወጡበት ሰፊ አገር አለ። እዚያ የሚጠየቀው የግራናይቱ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሬር ኧርዙን የያዘው ማዕድን በቀላሉ የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ ነው፤ በሞናዛይት ውስጥ የታሰረ ከሆነ ዝናብ አይፈታውም።

የቀንጢቻ ዕድሜ ከፍለጋ በኋላም አገልግሎት አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የዶድ ፍራንክ ሕግ ኩባንያዎች ታንታለማቸው ከኮንጎ የጦርነት ቀጣና አለመምጣቱን እንዲያጣሩ ታዘዋል፤ በሃኖቨር የሚገኘው የጀርመን ፌዴራል የጂኦሳይንስና የተፈጥሮ ሀብት ተቋምም የኮልታንን መነሻ በቤተ ሙከራ የመለየት ሥራ ሠርቷል። ጥቁር አሸዋ የሞላበት ጆንያ ከየት እንደመጣ ወረቀቱ ሊዋሽ ይችላል። ቅንጣቶቹ 530 ሚሊዮን ዓመት የሚናገሩ ከሆነ ግን በምሥራቅ ኮንጎ ካለው ከኪቩ መምጣታቸው ያጠራጥራል፤ 970 የሚናገሩ ከሆነም ከቀንጢቻ አልመጡም።

ይህንን ሁሉ የሚያደርግልን ዩራኒየም ግን ዕዳም ነው። የተፈጥሮ ማዕድን በግራም ከ10 ቤክሬል በላይ ዩራኒየምና ቶሪየም ከያዘ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የማጓጓዣ ደንብ መሠረት ራዲዮአክቲቭ ጭነት ነው። መርከብ ያስፈልገዋል፣ ፈቃደኛ ወደብ ያስፈልገዋል፣ የሚረከብ ፋብሪካም ያስፈልገዋል። ወደብ የሌላት አገር ደግሞ ይህንን የምትለምነው ከሌላ ነው። በቀንጢቻ ታንታላይት ውስጥ ያለው ዩራኒየም በኤክስፖርቱ ላይ ያስከተለው እንቅፋት የታወቀ ነው። የሚያስቆጨኝ ነገር ቢኖር፣ ዕድሜውን ለማወቅ በተለካው ቅንጣት ውስጥ የዩራኒየሙ መጠንም አብሮ ተለክቶ መገኘቱ ነው። በፍለጋው የመጀመሪያ ወራት፣ ገና ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ የትኛው ፔግማታይት ንጹሕ ታንታላይት እንዳለው፣ የትኛው ደግሞ ማጣሪያ ሳይሠራለት ሊላክ እንደማይችል ከዚያው ሠንጠረዥ ላይ ማንበብ ይቻላል። ጂኦሎጂስቱ የዕድሜውን አምድ ወስዶ የዩራኒየሙን አምድ ለነጋዴውና ለመሐንዲሱ ሳያሳይ መሳቢያ ውስጥ ከተወው፣ ሥራው ግማሽ ነው።

እስካሁን የታተሙት የደቡብ ኢትዮጵያ ዕድሜዎች በአብዛኛው በውጭ አገር ቤተ ሙከራ የተለኩ ናቸው። ድንጋዩ በሻንጣ ወጥቶ ቁጥሩ በመጽሔት ይመለሳል። የመጀመሪያውን ሥራ ግን እዚሁ ለመሥራት ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ አያስፈልግም። መቀጥቀጫ፣ ወንፊት፣ ማጠቢያ ጠረጴዛ፣ ማግኔትና ጥሩ ማይክሮስኮፕ ያለው ክፍል ዚርኮንና ኮሎምባይት ለቅሞ፣ በሙጫ ላይ ደርድሮ፣ ፎቶ አንሥቶ ማዘጋጀት ይችላል። ቅንጣቶቹን የለቀመ ሰው እምብርት ያላትን ከሌላት፣ የጠቆረችውን ከጠራችው ለይቶ ያውቃል፤ ሌዘሩ የት እንደሚያርፍም እሱ ይወስናል። ወደ ውጭ የሚላከው ያኔ አሥር ኪሎ ድንጋይ ሳይሆን፣ በየቅንጣቷ ላይ ምን እንደሚጠየቅ የተጻፈበት የሁለት ጣት ስፋት ያለው የሙጫ ክብ ይሆናል።